በዓሣ ሆድ ውስጥ ስለሚገኝ ትል፤ እናት በቤቷ ልታውቀው የሚገባ

በጣና ዳርና በሌሎችም ሐይቆቻችን አጠገብ የሚኖሩ እናቶች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። ይኸውም «ዓሣውን ቀድጄ ሆድ ዕቃውን ሳወጣ ነጭ ትል አገኘሁበት፤ ልጣለው ወይስ ልሥራው? ልጆቼስ ሳላይ በልተውት ከሆነ ምን ይሆናሉ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንዷ ትሉን ስታይ ይሰቀጥጣትና ገንዘብ የተከፈለበትን ዓሣ እንዳለ ለውሻ ትወረውረዋለች። ሌላዋ ደግሞ «ከውኃ የወጣ ነገር ንጹሕ ነው፤ ምን አለበት» ትልና ትሉን በጣቷ ጠረግ አድርጋ፥ ሥጋውን በእሳት ላይ ለብለብ አድርጋ ለሕፃን ታጎርሳለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ቤተሰቧን ከመልካም ምግብ ታስቀራለች። የሁለተኛዋ ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ዓሣ ለልጅ አካል መጠንከሪያ የሚሆን ምግብ ነው። ሥጋ መግዛት በማይቻልበት ቤት፥ ላም በሌለበትም ቤት፥ ከሐይቅ የወጣ አንድ ቆረሶ ለሕፃናቱ ብዙ ይሠራል። በጾምም ወራት ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ ብዙ ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ ገበያው ይደምቃል፤ ዋጋውም ይወደዳል። እንግዲህ ትል ታየበት ተብሎ ሁሉ የሚጣል ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የሚጣለውን ከማይጣለው ለመለየት ግን ትሉን ማወቅ ያስፈልጋል።

በሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ እናት በዓይኗ ልታያቸው የምትችል ትሎች በተለይ ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ነጭ፥ ጠፍጣፋ፥ እንደ ጥብጣብ ያለ ትል ነው። የሚገኘው በሆድ ውስጥ፥ በአንጀቱና በጎድኑ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው እንጂ በሥጋው ውስጥ አይደለም። የሳይንስ ሰዎች ሊጉላ ይሉታል። በጣና ሐይቅ በተለይ በትንንሾቹ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ላይ ይታያል። ዓሣው የጣት ያህል ሆኖ ሳለ ትሉ ከእርሱ ርዝመት የሚተካከል፥ አንዳንዴም የሚበልጥ ይሆናል። ታዲያ እንዴት ሊይዘው ቻለ ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ትሉ እንደ መቀነት እየታጠፈ ሆዱን ሞልቶ ይነፋዋል። እንዲህ ያለው ዓሣ መራባት አይችልም፤ ትሉ የዕንቁላሉን ቦታ ስለሚያመክነው ዕንቁላል አይገኝበትም። በጥልቁ ውኃ መዋኘትም ስለሚያቅተው ወደ ውኃው ፊትና ወደ ዳር እየወጣ ይንሳፈፋል። ልጆች በእጃቸው እየጨበጡ የሚያመጡት፥ ሆዱ የተነፋ ትንሽ ዓሣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

እናቶች ይህን ትል ሲያዩ «ዓሣው ኮሶ አለበት» ይላሉ። መልኩ ኮሶ ይመስላል፤ ዘመዱም ነው። ነገር ግን የሰው ኮሶ አይደለም። በአገራችን ሰውን የሚይዘው ኮሶ የሚመጣው ጥሬ የበሬ ሥጋ ከመብላት ነው። ይኸኛው ግን የመጨረሻ ቤቱ የወፍ አንጀት ነው፤ ሰውን ብሎ የመጣ አይደለም። ስለዚህ በዓሣ ሆድ ውስጥ ጥብጣብ አየሁ ብሎ ኮሶ ቀቅሎ መጠጣት፥ ለልጅም ማጠጣት፥ ፈጽሞ አያስፈልግም። ኮሶ ራሱ መጠኑ ሲበዛ የሚመርዝ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ድቡልቡል፥ ቀጭን፥ እንደ ክር ያለ ትል ነው። ቀለሙ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቀይነት የሚያደላ ሲሆን፥ ርዝመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ሲያዩት ተጠምጥሞ ይተኛል፤ ሲነኩት ይላወሳል። በቆረሶ ላይ የምታገኙት በልቡ አካባቢ፥ ከጆሮው ክዳን በታች ነው። በአምባዛ ላይ ደግሞ በሆዱ ውስጥ፥ በአንጀቱ ዙሪያ ነው። ስሙ ኮንትራሲኩም ይባላል። በጣናም፥ በዝዋይም፥ በሐዋሳም ዓሣ ላይ ተገኝቷል። ይህኛውን ከፊተኛው ይልቅ ልትጠነቀቁት ይገባል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንናገራለን።

ሦስተኛው በቆዳው ሥር፥ በክንፉ ግርጌና በስንጥቡ ውስጥ እንደ ማሽላ ፍሬ ቢጫ ሆኖ የሚታይ ነጥብ ነው። ፍሬውን በመርፌ ቢወጉት ውስጡ ትንሽ ትል ይወጣል። ክሊኖስቶሙም የሚባለው ነው። ሌላ አገር ጥሬ ዓሣ በሚበሉ ሰዎች ላይ ይህ ትል በጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ጉሮሮን አቁስሎ ተገኝቷል።

እነዚህ ሁሉ ወደ ዓሣው እንዴት ገቡ? ይህን ነገር በደንብ ብታዩት ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም መከላከያው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው። ፔሊካን የሚባለውን መንቁሩ ከረጢት ያለውን ትልቅ የውኃ ወፍ፥ ሳቢሳን፥ ጠልቆ ዓሣ የሚያጠምደውንም ጥቁር ወፍ ሁላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አዋቂው ትል የሚኖረው በእነዚህ ወፎች ውስጥ ነው። ወፉ ኩሱን በውኃ ላይ ሲጥል የትሉ ዕንቁላል አብሮ ይወድቃል። ከዕንቁላሉ የተፈለፈለውን፥ ቁንጫ የምታህል የውኃ ነፍሳት ትውጠዋለች፤ ቢጫው ትል ግን መጀመሪያ የሚገባው በቀንድ አውጣ ነው። ዓሣ ያችን ነፍሳት ሲበላ ትሉ በዓሣው ሆድ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣ የወጣው ደግሞ የዓሣውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ትሉ ይጠብቃል። ወራትም ቢሆን፥ ወፍ መጥቶ ዓሣውን እስኪውጠው ድረስ ይጠብቃል። ወፉ ዓሣውን የዋጠው እንደ ሆነ ጥብጣቡ ትል በጥቂት ቀን ውስጥ አዋቂ ሆኖ ዕንቁላል ይጥላል። እንዲህ እያለ ይዞራል።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ዓሣው ሕመምተኛ ከሆነ መድኃኒት አይሰጠውም ወይ?» ይለናል። ይህ የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። በትልልቅ ከተሞችና በውጭ አገር የባሕር ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፥ ጨው በተመጠነ ውኃ፥ ለዓይን ደስታ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ዓሣቸውን ያክማሉ። ለምሳሌ በባሕር ዓሣ ቆዳ ላይ እንደ ጨው ፍንጣቂ ነጭ ነጥብ የሚያወጣ፥ ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ አለ። እርሱ ጥቂት ቀን በዓሣው ቆዳ ውስጥ ከጠገበ በኋላ ይወርድና በሣጥኑ ግርጌ ሽፋን ሠርቶ ይባዛል፤ ከዚያም ልጆቹ ወጥተው ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ባለ ዓሣው ታማሚውን ለብቻው በሌላ ሣጥን ያስቀምጥና በመጠን የተለካ የመዳብ መድኃኒት በውኃው ይጨምራል። መዳቡ ግን በቆዳው ውስጥ ያለውንም፥ በሽፋኑ ያለውንም አይገድልም፤ የሚገድለው የሚዋኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ለብዙ ቀን ሳይቋረጥ ይቆያል፤ የፊተኛውም ሣጥን ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ዓሣ ሳይገባበት ይከርማል፤ የተፈለፈሉት ሁሉ የሚጠጉበት አጥተው እንዲሞቱ። ከቆዳ ላይ የሚጣበቀውን ሌላውን ትል ደግሞ ዓሣውን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ጨው በሌለው ውኃ ነክረው ያራግፉታል። የባሕር ትል ጨው በሌለው ውኃ ሲገባ ውኃውን ስቦ ያብጥና ይሞታል፤ ዓሣው ግን ለዚያች ጥቂት ጊዜ ይታገሠዋል።

ይህን ያመጣነው ለወሬ አይደለም። መስተዋት ሣጥን ይለካል፥ ይዘጋል፥ ባዶም ሊከርም ይችላል። ሐይቅ ግን ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ፥ ወፉም ቀንድ አውጣውም ሳይከለከል በሚኖርበት በጣና ላይ መድኃኒት ማን ይጨምራል? ቢጨመርስ ከትሉ በፊት ዓሣው ያልቃል። እንግዲህ የሐይቅ ዓሣ ሐኪሙ የእናት ቢላዋና የእናት እሳት ነው። ባለ ሣጥኑ ትሉ ከዓሣ ወደ ዓሣ የሚሄድበትን መንገድ እንደሚቆርጥ፥ እናንተም ከዓሣ ወደ ሰው የሚመጣበትን ትቆርጣላችሁ።

አሁን ወደ ቢላዋው እንምጣ። ዓሣ በተያዘበት ሰዓት፥ ቢቻል እዚያው በታንኳው ማረፊያ፥ ሆድ ዕቃው ይውጣ። ክር የሚመስለው ትል ዓሣው በሕይወት ሳለ አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ዕቃው ዙሪያ ነው። ዓሣው ሞቶ ሙቀት ላይ ሲውል ግን ትሉ ቦታውን ለቆ ወደ ሥጋው ሊሰርግ ይችላል፤ በተለይም ሆዱን ወደሚሸፍነው ስስ ሥጋ። በጧት ተይዞ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ እስከ ማታ በጆንያ የዋለ ዓሣ ርካሽ ነው ተብሎ ቢገዛ እንኳ ትርፍ የለውም። ከገበያ ስትገዙ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፥ ስንጥቡ ቀይ፥ ሥጋው በጣት ሲጫን የሚመለስ ምረጡ። ነገር ግን ይህ የትኩስነት ምልክት ነው እንጂ ትል ለመኖሩም ላለመኖሩም ምስክር አይሆንም፤ እጅግ ትኩስ ዓሣ ትል ሊኖርበት ይችላል።

ከፊንጢጣው ጀምራችሁ እስከ ጆሮው ክዳን ድረስ ሆዱን ክፈቱ። አንጀቱን እንዳትቀዱ ቢላዋው ጫፉ ብቻ ይግባ። ሆድ ዕቃውን ሁሉ፥ ልቡንና በዙሪያው ያለውንም ስስ ሽፋን ጭምር አውጡ፤ ብዙ እናት የሆዱን አውጥታ የልቡን ስፍራ ትተወዋለች፤ የቆረሶ ትል ግን የሚደበቀው እዚያ ነው። ስንጥቡን ቁረጡና ጣሉ። ከዚያም ዓሣውን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ፊሌቶ የምታወጡ ከሆነ ሥጋውን በፀሐይ አንጻር ብታዩት የተጠመጠመ ነገር እንደ ጥላ ሆኖ ይታያል። አንድ ሁለት ትል ከተገኘ ያንን ቦታ ከነዙሪያው ቆርጦ መጣልና የቀረውን በደንብ ማብሰል ይበቃል። ሥጋው በየስፍራው ትል የሞላበት፥ የላላ፥ ወይም ሽታው የተለወጠ ከሆነ ግን ይጣል፤ እዚህ ላይ መሳሳት አያስፈልግም። ሆዱ በጥብጣብ የተነፋውን ትንሽ ዓሣ በተመለከተ፥ ጥብጣቡን አውጥታችሁ ሥጋውን ብታበስሉት አይጎዳም። ከሱ የሚገኘው ሥጋ ግን እፍኝ ስለማይሞላ አብዛኛው ሰው ይተወዋል፤ እኛም አንፈርድበትም።

ስለ ጥሬው አሁን እንናገር። በሐዋሳና በሌሎችም የሐይቅ ከተሞች ዓሣ በጥሬው በአዋዜ መብላት የተለመደ ሆኗል፤ ከከተማ የመጣ እንግዳም «ይህን ሳትቀምስ አትሂድ» ይባላል። በየቤቱም ለብለብ የሚወደው አባወራ አይጠፋም። «ሎሚ ጨምቀንበታል፥ ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፥ አረቄ እናስከትልበታለን» ይላሉ። አይ! ሎሚ የሥጋውን መልክ ያነጣል እንጂ ትሉን አይገድለውም። ሚጥሚጣ የሰውን ምላስ ያቃጥላል፤ ትሉ ግን የኖረው የወፍ ሆድ ጠብቆ ነው። አረቄም ቢሆን በብርጭቆ እንጂ በሥጋው ውስጥ አይገባም። ጥቂት ጨው መነስነስም አያድንም።

ይህ እንዴት ታወቀ ብትሉ፥ አንድ የታወቀ ነገር እንንገራችሁ። በሆላንድ አገር ሰዎች ሄሪንግ የሚባለውን የባሕር ዓሣ በጥቂት ጨው ብቻ አለዝበው በጥሬው ይበሉ ነበር፤ ዛሬም ይወዱታል። ጥሬውን በበሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ የሆድ ቁርጠት እየያዛቸው ሐኪም ቤት የሚገቡ፥ ሆዳቸውም በቀዶ ጥገና የሚከፈት ሰዎች ነበሩ። በፈረንጅ ቁጥር በ1960 ዓ.ም. ቫን ቲል የተባለ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር ምክንያቱን ገልጦ ጻፈ፤ በሄሪንግ ውስጥ ያለው ክር የሚመስል ትል የሰዎቹን አንጀት በስቶ መግባቱ ተገኘ። ይህ ትል በእኛ ቆረሶ ልብ አጠገብ ላለው ለኮንትራሲኩም የቅርብ ዘመድ ነው። በ1968 ዓ.ም. መንግሥቱ ሄሪንግ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲደርቅ በሕግ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በሽታው በዚያ አገር እጅግ ብርቅ ሆነ። የእኛው የሐይቅ ትል ሰውን የሚያምመው ከባሕሩ ዘመዱ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሰው ግን በእርሱም ታሞ ያውቃል።

ብርቱ ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል ወይም ማኅበር ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሰባት ቀን ቢያቆየው የታመነ ይሆናል። የቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ግን ዓሣው እንዳይሸት ያቆየዋል እንጂ ትሉን አይገድልም። ለገጠር ቤት ያለው መድኃኒት እሳት ነው። ጥሩነቱም እሳት በየቤቱ አለ።

የእሳቱ መጠን እንዲህ ነው። የዓሣው የውስጥ ሥጋ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ትሉ ይሞታል። ሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት ይህን በምን እናውቃለን? እጅግ ወፍራም በሆነው ቦታ፥ በጀርባው አጥንት አጠገብ ሥጋውን በሹካ ወይም በቢላዋ ጫፍ ገለጥ አድርጉት። ሥጋው ወዙ ጠፍቶ ነጭ ከሆነ፥ በቅርፊት በቅርፊት የሚነሣ ከሆነና ከአጥንቱ በቀላሉ የሚለይ ከሆነ በስሏል። ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ወይም ከአጥንቱ ጋር ደም የያዘ ከሆነ ገና ነው። ሙሉ ዓሣ የምትጠብሱ ከሆነ ጎንና ጎኑን እስከ አጥንቱ ድረስ በቢላዋ መስመር መስመር አድርጋችሁ ቅደዱት፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ላይ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ የሚቀረው ሳይቀደድ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰው ነው። ወጥና ጉላሽ አያሳስብም፤ ሲንተከተክ ስለሚቆይ። የዓሣ ዱለትና ለብለብ ግን ሥጋው ደቀቅ ስላለ ቶሎ የሚበስል ይመስላልና ከመቸኮል ተጠበቁ። የዓሣ ቋንጣም ቢሆን ደረቀ ተብሎ በጥሬው አይበላ፤ ወጥ ይሠራበት። ለሕፃን የምትሰጡትን ሥጋ ደግሞ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እሾሁን አውጡ፤ ይህስ ከትሉም በላይ ሲያስደነግጥ የሚታይ ነገር ነው።

ዓሣ የተቀደደበት ቢላዋና ጣውላ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ሳይታጠብ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አይከተፍበት። እጅም እንዲሁ።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዓሣው ትል ተናገርን። ከዚህ የበለጠ የምንፈራላችሁ ግን ሌላ ትል አለ፤ እርሱም በዓሣው ውስጥ ሳይሆን ዓሣው በሚታጠብበት ውኃ ውስጥ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች በሐይቁ ዳር እስከ ጉልበታቸው ገብተው፥ በሣሩና በደንገሉ መካከል ቆመው ዓሣ ያጥባሉ። ሕፃናቱም በአጠገባቸው ይንቦጫረቃሉ። በዚያ ሞቅ ባለ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጠፍጣፋ ዛጎል ያላት ትንሽ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። በሜዳ ላይ ወይም በውኃ ዳር የተጸዳዳ ሰው ዓይነ ምድር በዝናብ ታጥቦ ሲገባ የቢልሃርዝያ ትል ዕንቁላል ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከዕንቁላሉ የወጣውም ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ ይባዛል። ከዚያም በብዛት ይወጣና ይዋኛል። በዓይን አይታይም። የሰውን እግር ያገኘ እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። በኋላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፥ የሆድ ሕመም፥ ዓመታት ሲቆይም የጉበትና የጣፊያ ማበጥ ያመጣል። ሆዱ የተነፋ፥ ክንዱ የሰለለ፥ በትምህርቱ የደከመ ልጅ በሐይቅ ዳር መንደሮች ስታዩ ሁልጊዜ ረኃብ ብቻ ነው አትበሉ።

ስለዚህ ዓሣ ውኃ ውስጥ ቆሞ አይታጠብ። በደረቅ ምድር ላይ ጣውላ አኑራችሁ፥ በእንስራ ወይም በጀሪካን በቀዳችሁት ውኃ እጠቡ። ትሉ ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ከከረረ በኋላ፥ ወደ ቀትር ስለ ሆነ ውኃውን በጧት፥ ሣር ከሌለበት ቦታ መቅዳት ጉዳቱን ይቀንሳል። ፈጽሞ ግን አያስቀርም። ውኃው ተቀድቶ ሁለት ቀን ከቆየ በውስጡ ያለው የቢልሃርዝያ ትል ሰው ሳያገኝ ይሞታል። ሁለት እንስራ ያላት እናት አንዱን እያሳደረች ሌላውን ብትጠቀም ቀላል ነው። የሚጠጣው ግን መቆየት ብቻ አይበቃውም፤ ይፈላ ወይም በመድኃኒት ይታከም። የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ ካለ ከሁሉ ይሻላል።

በእንዶድ ልብስ የምታጥቡ እናቶች አንድ ነገር ሳታውቁት አልቀራችሁም። በፈረንጅ ቁጥር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አየ። ከዚያም በምርምር እንዶድ ቢልሃርዝያ የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። ይህ ለአገራችን ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ስለዚህ «ቀንድ አውጣ ላጥፋ» ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ዓሣ ባለበት ውኃ አትድፉት። እንዲህ ያለው ሥራ በባለሙያ መለኪያ የሚሠራ ነው።

የሆድ ዕቃው ነገር ቀረን። በታንኳ ማረፊያ ሁሉ የሚታየው ምንድን ነው? ሆድ ዕቃው ተዝረክርኮ፥ ወፉ ተሰብስቦ፥ ውሻው እየተጣላ፥ ዝንቡ እየወረደ። ትሉ የጠበቀው ይህን ነበር! በሆድ ዕቃው ውስጥ ያለው ጥብጣብ በወፍ ከተዋጠ በሳምንት ውስጥ ዕንቁላሉ ተመልሶ በሐይቁ ላይ ይወርዳል። በሚመጣው ዓመት መረቡ የሚያወጣው ዓሣ ዕንቁላል የሌለው፥ ሆዱ የተነፋ ከሆነ ከዚህ የተነሣ ነው። በእርግጥ ወፉ ራሱ ከሐይቁ አጥምዶ የሚበላው ስላለ ሁሉን ማቆም አይቻልም። ቢሆንም በየቀኑ በገዛ እጃችን የምንጨምርለትን መተው እንችላለን። ከውኃው ራቅ ብሎ፥ ዝናብ መልሶ ወደ ሐይቁ በማያጥበው ስፍራ፥ ክንድ ተኩል የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የዕለቱ ሆድ ዕቃ፥ ስንጥቡና ቅርፊቱ እዚያ ይጣልና በአመድና በአፈር ይሸፈን። አራት አምስት ቤት በአንድ ጉድጓድ ቢጠቀም ድካሙ ይካፈላል። ለድመትና ለዶሮ መስጠት የምትፈልጉ ቀቅላችሁ ስጡ።

ጥሬ ዓሣ በልቶ በዚያው ቀን ብርቱ የሆድ ቁርጠት፥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ የያዘው፥ ወይም ገላው ሽፍ ብሎ የሚያሳክከው ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲደርስም «ጥሬ ዓሣ በልቻለሁ» ብሎ ይናገር፤ ይህን ካልተናገረ ሐኪሙ በሌላ ነገር ሊደክም ይችላል። የሚተነፍስበት ጉሮሮ ያበጠ እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅለትም። የበሰለ ዓሣ ከበላችሁ በኋላ ግን ከሳህኑ ላይ የሞተ ትል ብታዩ አትደንግጡ፤ ቢያስጠላም ሆድ ውስጥ ገብቶ አይኖርም።

በዓይነ ምድሩ ደም የሚያይ ልጅ ካላችሁ ዓይነ ምድሩ በጤና ጣቢያ ይመርመር። የቢልሃርዝያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በሽታው በበዛባቸው ወረዳዎች ለተማሪዎች በትምህርት ቤት ይታደላል። መጠኑ እንደ ልጁ ክብደት ወይም ቁመት ስለሚለካ ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ አይደለም። የሚገርመው፥ ቅድም ያነሣናቸው ባለ መስተዋት ሣጥኖችም በዓሣቸው ላይ የተጣበቀውን ትል ለመግደል ይህንኑ መድኃኒት በውኃ ይጨምራሉ፤ ለዓሣ ተብሎ የተሸጠው ግን ለሰው አይሰጥም። ልጁ መድኃኒቱን ውጦ ድኖ ሳለ በማግስቱ ወደዚያው ደንገል መካከል ተመልሶ ቢገባ ትሉ እንደገና ይይዘዋልና፥ መድኃኒቱን በወሰደበት ቀን ጣውላውንና እንስራውን ከውኃው ዳር ወደ ደረቁ ምድር አውጡ።